ሙታንን ማሰብ ዕዳ መክፈል ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ወንድ አያቴ ያረፉት በመስከረም ወር ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ገጠር ውስጥ ሲሆን፣ አያቴ በዕድሜአቸው ሙሉ ከአንድ ጥማድ በሬ በላይ ኖሯቸው አያውቅም። አርባቸው የዋለው በጥቅምት ነበር። ጥቅምት ደግሞ እንደምታውቁት የዓምናው እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና ከማሳ ያልገባበት ወር ነው። ስለዚህ ለእንጀራው ጤፍ፣ ለጠላው ዳጉሳና ጌሾ ሁሉም በገንዘብ ተገዛ፤ ገንዘቡም የመጣው ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሽጦ ነው። ዳስ ተጣለ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ሕዝቡም በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ተበተነ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና በክረምቱ ሴት አያቴ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገቡ። ተራችን እስኪደርስ ስንጠብቅ ጊዜው አለፈና ከመሬቱ ግማሹ ጦም አደረ።

ለዕረፍት ከባሕር ዳር በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን አያቴ ቡና አፍልተው ሲያበቁ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ አያትህ አሁን የት ናቸው ትላለህ? የደከምንበትስ ነገር ደርሷቸው ይሆን?»

መልስ አልነበረኝም። አሳፈረኝም፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ ሌሊት ስንከራከር አድረናል። አንድ ተማሪ «የእናንተ ተዝካር ማለት እኮ ጠላ የተጨመረበት የካቶሊክ ፑርጋቶሪ ነው» ብሎ ሁሉንም አስቆ ነበር። እኔም በዚያ ሌሊት በንዴት ብዙ ተናገርሁ፤ ነገር ግን የተናገርሁት ሁሉ ለአያቴ ጥያቄ የሚሆን አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ላይ የማቀርብላችሁ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና ያሰብሁትን ነው።

በመጀመሪያ ካቶሊካውያን ምን እንደሚሉ ሳናጣምም እንስማ። በእነርሱ ትምህርት አንድ ክርስቲያን ኀጢአቱ በንስሐ ቢሰረይለትም እንኳ ኀጢአቱ ያስከተለው ጊዜያዊ ቅጣት ሊቀርበት ይችላል። ይህን ሳይፈጽም፣ ነገር ግን በእግዚአብሔር ጸጋ ሳለ የሞተ ሰው አይኰነንም፤ ይሁን እንጂ ፍጹም ሳይነጻ ወደ መንግሥተ ሰማያት አይገባም። የሚነጻበትን ፑርጋቶሪ ይሉታል። በእኛ ዘንድ መካነ ንስሐ ሲባል ይሰማል፤ ይህ ስም ግን ሰውን ያሳስታል፤ በእነርሱም ትምህርት ቢሆን ከሞት በኋላ አዲስ ንስሐ የለምና። እዚያ የሚገቡት መዳናቸው የተረጋገጠ ነፍሳት ብቻ ናቸው፤ የሕያዋን ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋትም ይረዳቸዋል ይላሉ። ይህ በሊዮን ጉባኤ በ1274፣ በፍሎረንስ በ1439፣ በትሬንት ደግሞ በ1563 እ.ኤ.አ. ተደንግጓል።

ከመጻሕፍት የሚያቀርቡት ማስረጃ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 በሚመጣው ዓለም ስለማይሰረየው ኀጢአት የተነገረውን፣ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ሥራው ተቃጥሎበት እርሱ ግን በእሳት እንደሚያልፍ ሰው ስለሚድነው የተጻፈውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሁለተኛ መቃብያንን ምዕራፍ 12 ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛን ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቼ ያንን ምዕራፍ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ለካስ የእኛ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ንጉሥ ጺሩጻይዳንና እርሱን እንቢ ስላሉት ሰማዕታት ይተርካል እንጂ ስለ ይሁዳ መቃቢስ ጦርነት አይደለም። በእነርሱ መጽሐፍ ይሁዳ በጦር ሜዳ ለወደቁት ወታደሮቹ የኀጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው 2,000 የብር ድራክማ ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም ይልካል። ወታደሮቹ እንዴት ያሉ ነበሩ ብትሉ፣ በልብሳቸው ሥር የጣዖት ምስል የተገኘባቸው! ይሁዳ የጸለየው ለቅዱሳን አልነበረም። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ እኛ ይህ ምዕራፍ ሳይኖረን ለሙታን እንጸልያለን። በመጽሐፈ ግንዘት እንፈታለን፣ በየቅዳሴው እናስባለን፣ በሦስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅ፣ በዓመትና በሰባት ዓመት እንዘክራለን። ነገር ግን ሦስተኛ ቦታ አናውቅም። የምንማረው የጻድቃን ነፍስ በገነት፣ የኃጥኣን ነፍስ በሲኦል ሆና ዳግም ምጽአትን እንደምትጠብቅ፣ መንግሥተ ሰማያትም ሆነ ገሃነመ እሳት ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ እንደሚሆን ነው። ግሪኮችም በ1438 እ.ኤ.አ. በፌራራ ከላቲኖች ጋር ሲከራከሩ የኤፌሶኑ ማርቆስ የያዘው ይህንን የመሰለ መንገድ ነበር፤ ለሙታን መጸለይን ተቀብሎ የሚያነጻ እሳት አለ የሚለውን አልተቀበለም።

የመኝታ ቤቱ ተማሪ ይህንን ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ሦስተኛ ቦታ ከሌለ፣ በገነት ያለው አያስፈልገው፣ በሲኦል ያለው አይጠቅመው፤ ታዲያ የምትጸልዩት ለማን ነው?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ካቶሊካውያንም ፑርጋቶሪን የሚያስተምሩት ይህንኑ ክፍተት ስለሚዘጋላቸው ይመስለኛል። ለአንዲት ሐዘንተኛ እናት ልጅሽ እዚህ ቦታ ነው፣ ይህን ያህል ቢጸለይለት ይህን ያህል ይረዳዋል ብሎ መንገር ያጽናናል። እኔም አያቴ በጠየቁኝ ጊዜ እንደዚህ ያለ መልስ ቢኖረኝ ወድጄ ነበር።

ነገር ግን ያ መልስ ምን እንዳስከተለ ታሪክ ይመሰክራል። ቅጣቱ የሚቆጠር ከሆነ የሚያስቀረውም ይቆጠራል። በ1343 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ክሌመንት 6ኛ ከክርስቶስና ከቅዱሳን ትሩፋት የተከማቸ መዝገብ ለቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ፣ ከዚያም ለምእመናን እንደሚታደል ደነገገ። ከመዝገቡ የሚታደለውንም የቅጣት ምሕረት ኢንዱልጀንስ ይሉታል። በ1517 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ቴትዘል የተባለ መነኩሴ ይህንን እየዞረ በገንዘብ ያድል ነበር፤ ማርቲን ሉተርም በዚህ ተቆጥቶ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ገንዘቡን የሰጡት ድሆች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እናቶቻቸውን ከእሳት ያወጡ መስሏቸው ነው።

ፍርድ እንዳናጓድል የቀረውንም ልንገራችሁ። በ1567 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ፒየስ 5ኛ በገንዘብ የሚሰጠውን ኢንዱልጀንስ ሻሩት። በጸሎት መጻሕፍቶቻቸው ላይ «300 ቀን» እየተባለ ይጻፍ የነበረውን ቁጥር ደግሞ ጳውሎስ 6ኛ በ1967 እ.ኤ.አ. አስቀሩት። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1999 እ.ኤ.አ. ፑርጋቶሪ ቦታ ሳይሆን ሁኔታ እንደሆነ አስተማሩ። ቤኔዲክት 16ኛም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት መልእክት የሚያነጻው እሳት ራሱ ክርስቶስ ነው የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ ጠቅሰው ይህንኑ አሳብ አብራርተዋል። እንግዲህ ካቶሊካዊን ወንድማችንን «እናንተ መንግሥተ ሰማያትን ትሸጣላችሁ» ብለን የምንሰድበው ሰዎቹ ራሳቸው ከአራት መቶ ዓመት በፊት በተዉት ነገር ነው።

እኛስ? የእኛ መጽሐፍ ቁጥር የለበትም፤ መንደራችን ግን አለው። አንድ በሬ፣ ይህን ያህል ማድጋ ጠላ፣ ይህን ያህል መሶብ እንጀራ። ያልደገሰ ሰው «ሙቱን እንደ ውሻ ቀበረ» ይባላል። ጳጳስ ሳይደነግግብን፣ ጉባኤ ሳይወስንብን፣ እኛው በእኛ ላይ የዋጋ ዝርዝር አወጣን። የመኝታ ቤቱ ተማሪ ቀልድ ያናደደኝ ሐሰት ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ በትምህርታችን ላይ ሐሰት ሆኖ ሳለ በኑሮአችን ላይ ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው።

ስለ ቅዱሳንም ነገሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ካቶሊካውያን ቅድስናን እንደ ፍርድ ቤት ጉዳይ በምስክርና በማስረጃ ይመረምራሉ። ከ1983 እ.ኤ.አ. በፊት ቅድስናውን የሚቃወም ተከራካሪ ሁሉ ነበራቸው፤ ሕዝቡ «የዲያብሎስ ጠበቃ» ይለዋል። በተለመደው አካሄድ ሰማዕት ላልሆነ ሰው ብፁዕ ለመባል አንድ ተአምር፣ ቅዱስ ለመባል ሌላ ተአምር መረጋገጥ አለበት። (ብፁዕ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ በሕይወት ያለ ጳጳስ የሚጠራበት ማዕረግ ስለሆነ የእነርሱን ጽሑፍ ስታነቡ እንዳትደናገሩ።) በእኛ በኩል ግን ይህን የመሰለ ረጅም የምርመራ መዝገብ የለም፤ ገድል አለ፣ ስንክሳር አለ፣ በስሙ የተቀረጸ ታቦት አለ፣ ከሁሉም በላይ ቃል ኪዳን አለ።

ሩቅ ሳንሄድ ሰከላን እንውሰድ። በግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ አቡነ ዘርዐ ብሩክን የማያነሣ የለም። ጻድቁ ሰባት መጻሕፍቱን ለወንዙ አደራ ሰጥቶ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲጠይቀው ውኃ ሳይነካቸው እንደመለሰለት፣ የቦታውም ስም ከዚህ እንደመጣ ይተረካል። እዚያው ምንጭ ላይ በኤፕሪል 21 ቀን 1618 እ.ኤ.አ. ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ቆሞ ነበር። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክ ሆኑ፤ አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ስለ ሙታን ብቻ የተነሣ ጠብ አልነበረም፤ ሕዝቡን ያስቆጣው ጥምቀቱም፣ ክህነቱም፣ ጾሙም፣ ታቦቱም ሁሉ ተነቅፎ እንደገና ይሠራ በመባሉ ነው። ሆኖም ከዚያ ዘመን ጀምሮ በጎጃም ምድር «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ሲነሣ ጆሮአችን ቶሎ ይዘጋል።

እስቲ ደግሞ ጆሮአችንን የሚያስከፍት ሌላ ሰው ላንሣ። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው፤ በመርጡለ ማርያም የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። በ1841 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክት ጋር ሄደው ሮምንም አይተው ተመለሱ፤ በ1844 እ.ኤ.አ. በዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ እጅ ካቶሊክ ሆኑ። በ1855 እ.ኤ.አ. በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ሞቱ። ሮም በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ አለቻቸው። ለእነርሱ ሰማዕት፣ ለእኛ ሃይማኖቱን የለወጠ መነኩሴ። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም፤ ሃይማኖታቸውን ስለለወጡ አላመሰግናቸውም፣ በሰንሰለት ስለመሞታቸውም ደስ አይለኝም። ግን ጥያቄ አለኝ፤ ለእኒህ ሰው «ነፍስ ይማር» ማለት እችላለሁን? በልቤ ብያለሁ። ስሕተት ከሆነ መምህራን ያርሙኝ።

ወደ ቃል ኪዳን ልመለስ። መዝገብና ቃል ኪዳን አንድ አይደሉም። መዝገብ ሀብት ነው፤ ይቆጠራል፣ ይመነዘራል። ቃል ኪዳን ግን በሁለት ወገን መካከል የተገባ ነው፤ የሚፈርሰውም የሚጸናውም ቃል የገባው ታማኝነት ላይ ነው። ይሁን እንጂ እኛም ከመቁጠር አላመለጥንም፤ በገድላቱ እስከ ስንት ትውልድ እንደሚማር እየተነገረ ሕዝባችን ቁጥሩን ይይዛል፣ ምግባሩን ይረሳል።

የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት የሚነበበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛን ላይ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ውኃው ከሰባ ስምንቱ ነፍስ በለጠ። ይህን ታሪክ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ አሁን ብቻ ነው ያስደነገጠኝ። ሚዛን አለ፣ ግን በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ነገር ዋጋ የለውም፤ ጥርኝ ውኃ በየትኛውም ገበያ አይሸጥም። በሚዛኑ ላይ ያዘነበለው የውኃው ክብደት አይደለም፤ የምሕረት ጥላ ነው። እንዲህ ከሆነ በሬው ምን ያህል ይመዝናል? በእርግጥ አንዱ ወገን ተነሥቶ «ውኃውን የሰጠው ሰውዬው ራሱ በሕይወት ሳለ ነው፤ ዘመዶቹ ከሞተ በኋላ አልሰጡለትም» ቢለኝ እውነቱን ነው። ታሪኩ ሕያዋን ለሙታን የሚያደርጉትን አይመሰክርም። የሚመሰክረው ፈራጁ እንዴት ያለ እንደሆነ ብቻ ነው። እኔ ግን ለሙታን ለመጸለይ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላገኘሁም። የምንጸልየው ያሉበትን ቦታ ስለምናውቅ አይደለም፤ የመጨረሻው ፍርድ ገና ስለሆነና ፈራጁን ስለምናውቀው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1 ለሄኔሲፎሩ የለመነው በዚያን ቀን ምሕረትን እንዲያገኝ ነው፤ የት እንዳለ አልነገረንም።

በክረምቱ መጨረሻ የአያቴ የነፍስ አባት ወደ ቤት መጡ። አያቴም መስቀል ተሳልመው «አባቴ፣ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። የቀረውን በሬ እንዳልሸጥ ልጁ ይከለክለኛል። ዳቦና ቆሎ ብቻ ይዤ ብመጣ ይበቃቸዋል?» አሉ። ሽማግሌው ካህን ጥቂት ዝም ብለው፣ «ለማን ነው የሚበቃው? ለጎረቤት ከሆነ አይበቃም። ለእግዚአብሔር ከሆነ መቼ ነው ያልበቃው? ዳቦውን ለነዳያን ስጪ፣ ስማቸውን ለእኔ ስጪኝ» አሏቸው። «ፍትሐት ማለት መፍታት ነው፤ አንቺ ራስሽን በዕዳ አስረሽ እርሳቸውን ልትፈቺ ነው?»

አያቴ እሺ አሉ። አልረኩም፤ ይህን አልደብቃችሁም። መንደሩም አምቷቸዋል፤ አንዲት ጎረቤት «የተማረ ልጅ አያቱን አስራበ» ማለቷን ሰምቻለሁ። በሬው ግን በጋጣው አለ።

ሙት ዓመቱ በደረሰ ጊዜ አያቴ ለቅዳሴ የሚሰጠውን የሙታን ስም ዝርዝር እኔ እንድጽፍ አዘዙኝ። የወንድ አያቴን የክርስትና ስም፣ የወላጆቻቸውን፣ በልጅነት የሞቱትን ሁለት አክስቶቼን ጻፍሁ። ቀጥሎ በጦርነቱ ምክንያት ያለቁትን የአካባቢያችንን ልጆች ጠሩልኝ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደሞቱ አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ሰዎች መናገራቸውን ታስታውሳላችሁ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየገጠሩ ሳይናዘዝና ሳይቈርብ፣ አንዳንዱም በወጉ ሳይፈታ የተቀበረ ብዙ ነው። ከእነርሱ መካከል ልብሱ ሥር ምን እንደያዘ የማናውቀው አለ። ይሁዳ መቃቢስን ያስታወስሁት እዚህ ላይ ነው።

ስሞቹ ካለቁ በኋላ አያቴ «አንድ ቀርቷል» አሉ። ከወንዝ ማዶ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘና የመንደሩ ሰዎች አፈር ያለበሱት አንድ ወጣት ነበር፤ ከየት እንደመጣ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ክርስቲያን ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። እኔም «እማማ፣ ስም የሌለውን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?» አልኋቸው።

«ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉኝ። «አንተ መስመር ብቻ ተውለት።»

ተውሁለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።